ለስደተኛ ዘላቂ መፍትሔ ከየት ይመጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሱዳን ለሚኖሩ ስደተኞች፣ እንዲሁም ውጭ አገር ሆነው ወንድም እህታቸውን ለማውጣት ለሚደክሙ ዘመዶች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ በየካምፑ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየቴሌግራም ቡድኑ የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ ሁሉ ደስ አያሰኙም። ሕግና አሠራር ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ ወይም ከተማ ከመልቀቅዎ በፊት ጉዳይዎን የያዘውን ቢሮ ይጠይቁ። ዓ.ም. የሚል ያላቸው ዓመቶችና የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥሮች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ባይጻፍባቸውም፣ በፈረንጅ ናቸው።

ዘላቂ መፍትሔ የሚባለው ምንድን ነው?

ሰውየው ስደተኛ መባሉ የሚያበቃበት መንገድ ነው። ድንኳን፣ ሬሽን፣ የምዝገባ ወረቀት ነፍስ ያቆያሉ እንጂ መፍትሔ አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ሁላችንም ዩኤንኤችሲአር የምንለው፣ ከተቋቋመበት ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ ስደተኛውን መጠበቅና ዘላቂ መፍትሔ መፈለግ። በአሠራር የታወቁት መፍትሔዎች ሦስት ናቸው፤ በፈቃድ ወደ አገር መመለስ፣ በተጠለሉበት አገር ተቀላቅሎ መኖር፣ ወደ ሦስተኛ አገር ሄዶ መስፈር። ካምፕ ውስጥ «ፕሮሰስ» ሲባል ግን ሰው የሚያስበው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ብዙ ተስፋና ብዙ ሐዘን የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ከሦስቱ የምፈልገውን መምረጥ እችላለሁ?

አይችሉም። ወደ አገርዎ መግባት መብትዎ ነው፤ ሰላሙን ግን እርስዎ አያመጡትም። ተቀላቅሎ መኖር የአስተናጋጁን መንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ሦስተኛ አገር የመስፈር መብት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሕግ ደግሞ ጭራሽ የለም።

የ1951 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስን ይከለክላል። ይህ ግዴታ ነው። አንቀጽ 34 ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ይለሰልሳል፤ አገሮች ስደተኞች ዜግነት የሚያገኙበትን መንገድ በተቻላቸው መጠን እንዲያቀሉ ይላል። ስለዚህ አለማባረር በሕግ የታሰረ ሲሆን መፍትሔው ለበጎ ፈቃድ የተተወ ነው። ሰዎች አሥርና ሃያ ዓመት ካምፕ ውስጥ የሚከርሙበት ዋናው ምክንያት ይህ ክፍተት ይመስለኛል። ማንም አላባረራቸውም፤ ማንም ግን «ኑ፣ እዚህ ኑሩ» አላላቸውም።

«አገርህ ሰላም ሆኗል» ተብዬ በግድ ልመለስ እችላለሁ?

በጉልበት ጭኖ መመለስ ክልክል ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት፣ ማንም ስደተኛ ያለ ፈቃዱ እንዳይመለስ በአንቀጽ 5 ይደነግጋል። ችግሩ ፈቃድ የሚባለው ነገር የሚገኝበት መንገድ ነው። ሬሽን በግማሽ ሲቀነስ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ፖሊስ በየመንገዱ ወረቀት ሲጠይቅ ቆይቶ የሚፈረም የመመለሻ ቅጽ ምን ያህል ፈቃድ እንዳለበት ፈራሚው ያውቀዋል።

ከዚህ የተለየ ሕጋዊ መንገድም አለ። ለስደት የዳረገው ምክንያት ከሥሩ ከተለወጠ ስደተኝነቱ እንዲያበቃ የ1951ዱ ስምምነት ይፈቅዳል። ይህን ኢትዮጵያውያን አይተውታል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከመውደቁ በፊት የሸሹ ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ከለላቸው ከማርች 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲያበቃ ተወሰነ። ሱዳን ውስጥ ለነበሩ ብዙዎች ይህ ማለት አገሬ ነው ብለው ልጆቻቸውን ካሳደጉበት ከተማ ላይ ወረቀታቸው ተቋረጠ ማለት ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ደግሞ የነጻነቱንና የድንበሩን ጦርነት ሸሽተው ለወጡ ኤርትራውያን ተመሳሳይ ውሳኔ ተላለፈ። ከዚያ በኋላም ኤርትራውያን፣ ማብቂያ ባልተቀመጠለት ብሔራዊ አገልግሎት የተነሳ፣ በገፍ መሰደዳቸውን አላቆሙም።

እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ ማወቅ ያለብዎት አንድ ነገር አለ። ውሳኔው በጅምላ ቢሆንም የራሱ የተለየ ስጋት ያለው ሰው ጉዳዩ ለብቻው እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀነ ገደቡ ያልፍበታል።

የተመለሱ ሰዎች ለምን እንደገና ይሰደዳሉ?

ሁሉም አይደሉም። ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል፤ ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠልለው የነበሩ ስደተኞች ታሪክ ናቸው።

በ1988 እ.ኤ.አ. የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች የሶማሊላንዷን ከተማ ሐርጌሳን ሲደበድቡ ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ጎረፈ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ተብሎ ነበር። ሶማሊላንድ ውስጥ የጎሳ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እርቅ ሲያወርዱና አካባቢው ሲረጋጋ ሰው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሚዮን እየተጫነ ተመለሰ። ሐርትሼክ በ2004 ተዘጋ፤ በምሥራቁ ከነበሩት ስምንት ካምፖች እስከ 2005 ሰባቱ ተዘጉ። የቀረው ቀብሪ በያህ ብቻ ነበር፤ እዚያ ያሉት ከደቡብ ሶማሊያ ስለመጡና የእነርሱ አገር ገና እየነደደ ስለነበር። የተመለሱት በብዛት እዚያው ኖሩ።

ሁለተኛው ደቡብ ሱዳን ነው። በ2005 የሰላም ስምምነት ሲፈረም ከጋምቤላ ካምፖች ብዙዎች ተመለሱ፤ የቦንጋ ካምፕ ተዘጋ። በ2011 ነጻነት ተከበረ። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ጁባ ላይ የመሪዎቹ ጠብ ወደ ጦርነት ተቀየረና ሕዝቡ ተመልሶ የባሮን ወንዝ ተሻገረ። የኩሌና የቲርኪዲ ካምፖች የተከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ንጉዌንዪየል ደግሞ በ2016።

ልዩነቱ የካሚዮን ወይም የእርዳታ ልዩነት አልነበረም። በአንደኛው ቦታ ሰላሙን የሠሩት መንደሩ ውስጥ አብረው የሚኖሩት ሰዎች ነበሩ፤ በሌላው ሰላሙ ጥቂት ጄኔራሎች እስከተስማሙ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነበር። ስለ መመለስ ስትጠየቁ «ስምምነት ተፈርሟል ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ቤቴ ውስጥ አሁን ማን አለ? መሬቴን ማን ያርሰዋል? ማን ያስጠብቀኛል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሱዳን ውስጥ ያሉት ኢትዮጵያውያንስ?

የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር ተከዜን ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡት ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ የተጠለሉት ገዳሪፍ ውስጥ በኡም ራኩባና በቱነይድባ ነው። (ኡም ራኩባ አዲስ ስም አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻም ኢትዮጵያውያን እዚያው ነበሩ፤ ወደ እስራኤል ሲጓዙ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ብዙ ሰው የቀበሩበት ቦታ ነው።) የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቢፈረምም ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የመጡበት ምዕራቡ አካባቢ የአስተዳደር ጥያቄው ሳይቋጭ ስለቆየ መመለስ አልሆነላቸውም። ስድስት ወር ሳይሞላ ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች።

እዚህ ላይ ሦስቱም በር አንድ ላይ ተዘግቷል። አገር ቤት ቤቱ የሰው ሆኗል፤ የተጠለሉበት አገር እየፈረሰ ነው፤ የሦስተኛ አገር ጉዳይ የሚያዩ ኤምባሲዎች ካርቱምን ለቀው ወጥተዋል። እንዲህ ላለ ሰው ፈጣን መልስ አለኝ የሚል ቢመጣ አይመኑት። ተጨባጭ ነገር ቢኖር ምዝገባን ማደስ፣ ከቤተሰብ መጠፋፋትን ለቀይ መስቀል ወይም ለቀይ ጨረቃ ማስመዝገብ፣ ከተቻለም የድንበር መሻገሪያ ላይ ማን እንደሚቀበል አስቀድሞ ማጣራት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ስደተኛ መሥራት ይችላል?

በወረቀት ላይ አዎ፤ በተግባር ይለያያል። ጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ከእርሱ በፊት ከነበረው ከአዋጅ 409/1996 በብዙ ይሻላል። ሥራ፣ እንቅስቃሴ፣ ትምህርት፣ የባንክ ሒሳብ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ ሁሉ ተካትቷል። አዋጁ ሲወጣ በአፍሪካ ከተራማጆቹ አንዱ ተብሎ ተወድሷል፤ ሲነበብም ውዳሴው ተገቢ ነው።

እንቅፋቱ ከዝርዝሩ ይጀምራል። ስለ ሥራ የሚናገረው አንቀጽ ስደተኛውን ያስተካከለው ለውጭ አገር ዜጎች ከሚሰጠው የተሻለ መብት ጋር ነው። የውጭ አገር ዜጋ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ በቀላሉ አይቀጠርም። ስለዚህ ቧንቧ ሠራተኛውም፣ ፀጉር ቆራጩም፣ አስተናጋጇም ተመልሰው ያለ ውል ወደሚሠራ ሥራ ይገባሉ፤ ደመወዝ ሲከለከሉ የሚከሱበት ወረቀት የላቸውም። ከዚህ ወጣ ያለው ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ በጋራ በሚጠቀሙበት ፕሮጀክት የሚሠራ ሰው ነው፤ እርሱ እንደ ዜጋ ይታያል። በዚሁ ሐሳብ 100 ሺህ የሥራ ዕድል ተፈጥሮ 30 ሺሁ ለስደተኞች እንዲሆን ከለጋሾች ጋር የኢንዱስትሪ ፓርክ ውል ተገብቶ ነበር። ስደተኛው ጋ የደረሰው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው። ፓርኮቹ ያሉት አንድ ቦታ፣ ካምፖቹ ሌላ ቦታ ናቸው፤ ደመወዙም የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚያኖር አልነበረም።

የተሳካው የቱ ነው ካሉኝ ዶሎ አዶን እጠቅሳለሁ። በገናሌ ወንዝ ዳር ስደተኛና ባላገር በአንድ ማኅበር ታቅፈው በመስኖ ሽንኩርትና በቆሎ ያመርታሉ፤ መነሻ ገንዘቡ የመጣው ከአይኪያ ፋውንዴሽን ነው። ቀብሪ በያህም ከተማውና ካምፑ ከጀረር ሸለቆ በተሳበ አንድ የውኃ መስመር ይጠጣሉ። ሁለቱም ቦታ ስደተኛውና ነዋሪው አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት፣ ብዙ ጊዜም አንድ ጎሳ መሆናቸው ግን መዘንጋት የለበትም። ይህ በሌለበት ቦታ ያው ነገር በቀላሉ ይደገማል ማለት አይደለም።

አሁን የሚጠቅመው ትልቁ ወረቀት የፋይዳ መታወቂያ ነው። ስደተኞች እንዲመዘገቡ ከተፈቀደ ወዲህ ሲም ካርድ ለማውጣትና ሒሳብ ለመክፈት የነበረው ውጣ ውረድ እየቀነሰ ነው። እስካሁን ካላወጡ ቀዳሚ ሥራዎ ይሁን።

ካምፕ ሳልገባ አዲስ አበባ መኖር እችላለሁ?

ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤርትራውያን ራሳቸውን የሚችሉበት ወይም የሚረዳቸው ዘመድ ካላቸው ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ የሚፈቅድ መመሪያ አለ። አዋጅ 1110ም የመንቀሳቀስ መብትን ያውቃል፤ ነገር ግን የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመኖሪያ አካባቢ ሊወስን እንደሚችል በዚያው ያስቀምጣል። የይለፍ ወረቀት ሳይዙ መንገድ ላይ መገኘት አሁንም ያስይዛል።

ትልቁ ጉድለት አዲስ መጭዎች ላይ ነው። ከጥር 2012 ዓ.ም. በፊት ኤርትራዊ ሲመጣ በጅምላ ስደተኛ ተብሎ ይመዘገብ ነበር፤ ያ አሠራር ከቆመ ወዲህ ያልተመዘገበው ሰው በዝቷል። ያልተመዘገበ ሰው ከሦስቱ መፍትሔዎች ለአንዱም ወረፋ ላይ የለም። ትግራይ ውስጥ የነበሩት የሺመልባና የሕጻጽ ካምፖች በጦርነቱ ከወደሙ በኋላ ሰነዳቸው ጠፍቶ አዲስ አበባ የገቡም አሉ። ከእነርሱ የተወሰኑት ዳባት አጠገብ በተከፈተው ዓለምዋጭ ሰፍረዋል፤ ከጦርነት ሸሽተው ጦርነት ወደነካው ሌላ ቦታ መሆኑ ግን አልቀረም።

የኢትዮጵያ ዜግነት ማግኘትስ?

የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ በሩን አልዘጋም። ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ቢያንስ አራት ዓመት በአገሪቱ የኖረ፣ ከብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋ አንዱን የሚናገር፣ በቂ ሕጋዊ ገቢ ያለው፣ መልካም ጠባይና ከወንጀል ነጻ የሆነ የውጭ ሰው ማመልከት ይችላል። የቀድሞ ዜግነቱን መተው አለበት። ችግሩ «ሕጋዊ ገቢ» የሚለው ነው፤ እንዳይሠራ ለቆየ ሰው ሕጋዊ ገቢ አሳይ ማለት ክብ ውስጥ ማዞር ነው።

መንግሥት በ2016 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ከገባቸው ዘጠኝ ቃሎች አንዱ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩ ስደተኞች ተቀላቅለው እንዲኖሩ ማድረግ ነበር። ቃሉ ከሁሉ በላይ የሚመለከተው የቀብሪ በያህ ሰዎችን ነው። መቀላቀል ማለት ግን የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ዜግነት ማለት አይደለም፤ ሁለቱን እያምታቱ የሚያወሩ አሉ። ሙሉ ዜግነት በጅምላ ሲሰጥ ማየት የሚፈልግ ወደ ታንዛኒያ ይመልከት። በ1972 ከቡሩንዲ ሸሽተው ለመጡና ለልጆቻቸው፣ ከ162 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች፣ ዜግነት ሰጥታለች፤ ያውም ከአርባ ዓመት በኋላ።

ካምፕ ውስጥ የተወለደ ልጄ ኢትዮጵያዊ ነው?

አይደለም። የኢትዮጵያ ዜግነት በትውልድ ሐረግ እንጂ በተወለዱበት ቦታ አይገኝም። የልደት ምስክር ወረቀት ግን ያውጡለት፤ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞች ከዜጎች እኩል ይመዘገባሉ። ያ ወረቀት የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስለዚህም የየት አገር ዜግነት እንደሚገባው የሚያሳይ ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። አገር ስትመለሱም፣ ሦስተኛ አገር ስትሄዱም ይጠየቃል።

የአካባቢው ሕዝብ የስደተኛውን መቀላቀል ለምን ይቃወማል?

ጥያቄው በተደጋጋሚ የሚመጣው ከጋምቤላ ነው፤ መልሱም ክፋት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ የተጠለለው ስደተኛ ቁጥር ከዚያ ጋር የሚፎካከር ነው። ክልሉ ውስጥ ሥልጣንና በጀት በብሔረሰብ ቁጥር የሚለካ ስለሆነ የአንዱ ወገን ዘመድ በብዛት ሲገባ ሌላው መሬቴንም ወንበሬንም ላጣ ነው ብሎ ይሰጋል። ስደተኛው ይቀላቀል የሚለው ሐሳብ እዚያ ሲደርስ የሚሰማው እንደ ሰብዓዊነት ሳይሆን እንደ ቆጠራ ነው። በዚያ ላይ የማገዶ እንጨት አለ። ጫካው ተራቁቶ ሴቶች ለጭራሮ ሩቅ ሲሄዱ ይደፈራሉ፤ ባላገሩ ደግሞ ደኔ አለቀ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክሊኒክና ትምህርት ቤት ለሁለቱም በአንድ ላይ ሲሠራ ቁጣው ይበርዳል፤ ለስደተኛው ብቻ ሲሠራ ይብሳል።

ኬንያ ያሉ ኢትዮጵያውያንስ ምን ተስፋ አላቸው?

ካኩማ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ እንጀራና ቡና የሚሸጥበት የኢትዮጵያውያን ሰፈር ለካምፑ ነጋዴዎች ሁሉ የታወቀ ነው። ኬንያ በ2021 አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ ካኩማንና ዳዳብን ቀስ በቀስ ወደ ተራ ከተማነት የሚለውጠውን የሺሪካ ዕቅድ ይፋ አደረገች። አንድ ነገር ግን ሰዎች ልብ አይሉትም። ሕጉ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ዜጎች ከፈለጉ ስደተኝነታቸውን ትተው በማኅበረሰቡ ውል እንዲኖሩና እንዲሠሩ መንገድ ይከፍታል። ደቡብ ሱዳን፣ ሶማሊያና ኮንጎ አባል ናቸው። ኢትዮጵያ አይደለችም። ስለዚህ ጎረቤትዎ ሲሳካለት እርስዎ ለምን እንዳልተፈቀደልዎ ቢገርምዎ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ለሪሴትልመንት (ሦስተኛ አገር ለመስፈር) እንዴት አመለክታለሁ?

አያመለክቱም። ዲቪ አይደለም፤ የሚሞላ ፎርም፣ የሚዘጋ ቀን የለውም። ዩኤንኤችሲአር ከመዘገባቸው ሰዎች መካከል ይመርጣል፤ ጉዳዩን ለአንድ አገር ያቀርባል፤ የሚቀበለውም የማይቀበለውም ያ አገር ነው። መመዘኛዎቹ የታወቁ ናቸው፦ በተጠለለበት አገር የሕግ ወይም የአካል አደጋ ያለበት፣ ግፍና ማሠቃየት የደረሰበት፣ እዚያ የማይታከም ሕመም ያለበት፣ አደጋ ላይ ያሉ ሴቶችና ልጃገረዶች፣ አደጋ ላይ ያሉ ሕጻናት፣ ከተለያየ ቤተሰብ ጋር መገናኘት ያለበት፣ ሌላ መፍትሔ በቅርብ የማይታይለት። ብዙ ዓመት መቆየት ብቻውን መመዘኛ አይደለም፤ «ከእኔ በኋላ የመጣው ሄደ» የሚለው ቅሬታ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ተመርጠው ከሆነ ቅደም ተከተሉ ብዙውን ጊዜ የዩኤንኤችሲአር ኢንተርቪው፣ የተቀባዩ አገር ኢንተርቪው፣ የደኅንነት ማጣሪያ፣ በአይኦኤም (በዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት) በኩል ሜዲካል፣ ስለሚሄዱበት አገር ገለጻ፣ ከዚያ ፍላይት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የአገልግሎት ዘመን አለው። ሜዲካሉ ጊዜው ሲያልፍ ይደገማል፤ እርሱ እስኪደገም የደኅንነቱ ያልፋል፤ መሀል ላይ ልጅ ከተወለደ ፋይሉ እንደገና ይከፈታል። ሰው «ፔንዲንግ» ሆኖ ዓመታት የሚያሳልፈው ሁልጊዜ ተጠልቶ አይደለም።

ቁጥሩንም በግልጽ ማወቅ ይሻላል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዓለም 42.7 ሚሊዮን ስደተኞች ነበሩ። በዚያ ዓመት ሦስተኛ አገር የሰፈሩት 188,800 ናቸው፤ ያውም በአርባ ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ነበር። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አንድ ወጣት ሙያ ሳይማር፣ ትዳር ሳይዝ፣ ሱቅ ሳይከፍት ይህችን ዕድል ብቻ ሲጠብቅ ማየት ያሳዝነኛል።

አሜሪካ የጀመርኩት ጉዳይ ቆሟል። ተስፋ አለው?

በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በወጣ ትእዛዝ የስደተኞች ቅበላ ታግዷል፤ ቲኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ጭምር ቀርተዋል። ከዚያ በፊት በነበረው የበጀት ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ስደተኞች ገብተው ነበር። ለ2026 የተቀመጠው ጣሪያ 7,500 ሲሆን አብዛኛው አፍሪካነር ለሚባሉት የደቡብ አፍሪካ ነጮች የታሰበ ነው። በሰኔ 2025 የወጣው የመግቢያ ክልከላ ደግሞ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ሱዳንን ያካትታል።

ታሪኩ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ የመጀመሪያው አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የስደተኞች ሕግ ከሱዳን ካምፖች ወደ አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ስፖንሰር የሆኑት። ጣሪያውን የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ በመሆኑ በአንድ ዓመት 125 ሺህ፣ በሌላው ጥቂት ሺህ ሊሆን ይችላል። ፋይልዎን አይዝጉ፤ ኑሮዎንም በእርሱ ላይ አያቁሙ። በዩኤንኤችሲአር በኩል ጉዳዩ ለሌላ አገር ሊቀርብ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይችላሉ፤ ውሳኔው ግን የእነርሱ ነው።

ካናዳ ያለ ዘመዴ ስፖንሰር ሊያደርገኝ ይችላል?

ካናዳ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ተራ ሰዎች ስደተኛ የሚያመጡበት አሠራር አላት። አምስት ሰዎች ተሰብስበው፣ ወይም ከመንግሥት ጋር ውል ባለው ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር በኩል፣ የአንድ ዓመት ወጪ ችለው ያስመጣሉ። ሐበሾች በብዛት የተጠቀሙበት መንገድ ይህ ነው። አሁን ሁለት ዕንቅፋት አለ። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መንግሥቱ ከአምስት ሰዎች ቡድንና ከማኅበረሰብ ስፖንሰሮች አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን አቁሟል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት የካናዳን የኢሚግሬሽን ገጽ ተመልከቱ። ሁለተኛው፣ አምስት ሰው የሚሠራው ማመልከቻ የስደተኝነት ማረጋገጫ ወረቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ያልተመዘገበው ኤርትራዊ ዘመዱ ዶላሩን ይዞ እየጠበቀው የሚቀረው በዚህ ነው።

ከሦስቱ ውጭ ሌላ መንገድ የለም?

አለ፤ ጠባብ ነው ግን እውነተኛ ነው። የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማስተርስ የሚወስዷቸው ስደተኞች የመጀመሪያዎቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ኤርትራውያን ነበሩ። የካቶሊካውያኑ የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበረሰብና የጣሊያን ጳጳሳት ጉባኤ በሰብዓዊ ኮሪደር፣ ማለትም ስደተኛን በሕጋዊ መንገድ በሚያጓጉዝ አሠራር፣ ቤተሰቦችን ከአዲስ አበባ ወስደዋል። በጀርመን ገንዘብ የሚሰጠው ዳፊ የትምህርት ዕድል ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። የቤተሰብ መቀላቀልም አለ፤ ለምሳሌ አሜሪካ በስደተኝነት የገባ ሰው ለትዳር ጓደኛውና ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ያላገቡ ልጆቹ በገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ቀኑን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው።

ዕርዳታው ለምን ቀነሰ?

ለጋሽ አገሮች እጃቸውን ስለሰበሰቡ። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከዓለም ስደተኞች 73 ከመቶው የነበሩት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ወጪውን የሚሸፍኑት ግን ጥቂት ሀብታም መንግሥታት ናቸው፤ እነርሱ ገንዘቡን ሲቀንሱ ሬሽኑ በማግሥቱ ይቀንሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሰኔ 2015 ዓ.ም. እህል ተሰረቀ ተብሎ እደላው ሲቆም፣ ካምፕ ውስጥ ያለው ሰው ሳይሰርቅ ለወራት ተርቧል።

ብር ከከፈልኩ ኬዜን የሚያስቀድም ሰው አለ። ልክፈል?

አይክፈሉ። የዩኤንኤችሲአርም፣ የአይኦኤምም፣ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትም ሥራ ሁሉ ነጻ ነው። በገንዘብ የገባ የሌላ ሰው ልጅ ወይም የውሸት ጋብቻ ሲደረስበት የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የእውነተኛ ቤተሰብዎም ፋይል ይዘጋል። ገንዘብ የጠየቀዎት የቢሮ ሠራተኛ ከሆነም ስሙን ይዘው በአቤቱታ ሣጥኑ ወይም በዩኤንኤችሲአር የማጭበርበር መጠቆሚያ በኩል ያሳውቁ። ጠቋሚ መሆን ኬዝ አያዘጋም።

ስልክ ቀየርኩ፣ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። ምን ላድርግ?

ሁሉንም በዚያው ሰሞን ያስመዝግቡ። ለኢንተርቪው የሚጠራዎት ሰው የሚደውለው ፋይሉ ላይ ወዳለው ቁጥር ነው፤ ተደጋግሞ ያልተነሳ ስልክ ጉዳይን ወደ ጎን ያስቀምጣል። ያልተመዘገበ ባል ወይም ልጅ ቆይቶ ሲነገር «ለምን ደበቅህ?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። የተሰጠዎትን ወረቀት ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሚያምኑት ዘመድ ይላኩ፤ የሕጻጽ ሰዎች ካምፑ ሲቃጠል ማንነታቸውን ማስረዳት የቻሉት እንዲህ ያደረጉት ናቸው ብዬ አልምልም፣ ያላደረጉት ግን ብዙ ተቸግረዋል። ቀጠሮ ከተሰጠዎት የቀጠሮውን ወረቀት፣ የምዝገባ ማስረጃዎንና የልጆችዎን የልደት ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ አስተርጓሚው የማይገባዎትን ዘዬ ከተናገረ ሳያፍሩ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ፤ የተጻፈው ቃልዎ ተመልሶ ሳይነበብልዎ አይፈርሙ።